የዓሣ ሆድ ዕቃና የአትክልት ልጣጭ አብላልቶ መኖ የማድረግ አሠራር

ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሥጋው ተለይቶ ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ይቀራል። በብዙ የዓሣ ዓይነቶች የሚቀረው ከሚበላው አይተናነስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ይገባል፣ ወይ ውኃ ዳር ይጣላል። በማግስቱ ዝንብ ይወርረዋል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ዶሮ የሚያረባ ሰው ፕሮቲን ያለው መኖ ለመግዛት ኪሱን ያራግፋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የፕላስቲክ በርሜል፣ ጥቂት ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚቀር ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) እና የሦስት ቀን ጥንቃቄ ነውና።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይግባን። ማብላላት እሽቅድምድም ነው። በዓሣው ላይ የሚያከረፉ ባክቴሪያዎች ቀድመው ተቀምጠዋል። እኛ የምንፈልጋቸው ደግሞ ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ የሚያወጡትን ነው። አሲዱ ቶሎ ከበዛ የሚያከረፉት ይታፈናሉ፣ ዓሣውም ለወራት ይቆያል። አሲዱ ከዘገየ ግማት ይቀድማል። ውድድሩ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ከዚህ በታች የማነሳው መጠን፣ መፍጨት፣ ማማሰል ሁሉ አሲዱን ለማስቀደም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፊንላንዳዊው ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን እርጥብ መኖን በአሲድ ከብልሽት የሚጠብቅ ዘዴ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1945 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እሱ አሲዱን ከውጭ ነበር የሚጨምረው። ዛሬም ትልልቅ ፋብሪካዎች የዓሣ ተረፈ ምርት ላይ ፎርሚክ አሲድ ያፈሱበታል። ፎርሚክ አሲድ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያውካል። ለቤትና ለትንሽ እርባታ አሲዱን ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ቢያወጡት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለት በርሜል አስቡ

አንዱ የዓሣ በርሜል ነው። እሱ ለዶሮ፣ ለአሳማና ለእርባታ ዓሣ ይሆናል። ሌላው የዕፅዋት በርሜል ነው፤ ለላም፣ ለበግና ለፍየል። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ዓሣ የገባበትን መኖ ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠት በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው። ሕጉም ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታወቀው የእብድ ላም በሽታ የተዛመተው የእንስሳት ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለከብት ይሰጥ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያው አገር የተነሳው የአፍና የእግር በሽታ ደግሞ በደንብ ሳይቀቀል ለአሳማ ከተሰጠ ትርፍራፊ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በዓሣ በርሜላችሁ የበግ፣ የአሳማ፣ የዶሮ ቁራጭ አይግባ። የእርባታ ዓሣ ተረፈ ምርትንም ለዚያው ዝርያ አትስጡ። በአካባቢያችሁ ያለውን ደንብ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ወይም ባልዲ፣ ሚዛን፣ ትልቅ ድስት፣ የስጋ መፍጫ ወይም ስለት ያለው መጥረቢያ፣ ረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ ጓንት። የብረት በርሜል አይሆንም። አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ የተበላውም ብረት መኖው ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየምም እንደዚሁ። በርሜሉ ከዚህ በፊት ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ ይዞ ከነበረ፣ የቱንም ያህል ብታጥቡት ለዚህ አትጠቀሙበት።

ከሁሉም በላይ የፒኤች ወረቀት ግዙ። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ከ3 እስከ 6 ያለውን ለይቶ የሚያሳይ ይሁን። ያለ እሱ ሥራው በግምት ይሆናል። የዚህ ሥራ ግምት ደግሞ እንስሳ ይገድላል።

እርሾው

እርሾ የምንለው ላክቲክ አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች በብዛት ያሉበትን ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው እርጎ ወይም አጓት ይጨምራል፣ ይሠራልም። የእርጎ ባክቴሪያ ግን የለመደው የወተትን ስኳር ነው፤ ሞላሰስ ላይ ሲገባ አንዳንዴ ይለግማል። እኔ የምመርጠው የጥቅል ጎመን እርሾ ነው። አንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ክተፉ። 20 ግራም ጨው ነስንሱበትና ውኃ እስኪያወጣ በእጅ እሹት። ማሰሮ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ከራሱ ውኃ በታች እንዲሆን ክብደት ጫኑበት። ክዳኑን አታጥብቁ። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ፈሳሹ ደፍረስ ይላል፣ ይኮመጥጣል። ጠጣር ቅጠሉን ለምግብም ማዋል ትችላላችሁ። እኛ የምንፈልገው ውኃውን ነው።

ዓሣው ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ይሄን አዘጋጁ። ዓሣ አይጠብቅም።

የዓሣው በርሜል

ለመጀመሪያ ጊዜ በ20 ኪሎ የዓሣ ተረፈ ምርት ጀምሩ። 3 ኪሎ ሞላሰስ፣ 1 ኪሎ እርሾ ይበቃል። ማለትም ሞላሰሱ የዓሣውን 15 ከመቶ፣ እርሾው 5 ከመቶ ይሆናል። አብዛኛው አጥንትና ጭንቅላት ከሆነ ሞላሰሱን ወደ 4 ኪሎ ከፍ አድርጉ። አጥንት ውስጥ ያለው ማዕድን አሲዱን ይመጠዋል፤ ስኳር ካነሰ ፒኤቹ እምቢ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ድብልቅ 40 ሊትር የሚይዝ በርሜል ያዙ፤ አረፋ ይነሳልና ቦታ ይፈልጋል።

ዓሣው የዛሬ መሆን አለበት። ሆድ ዕቃ በሙቀት ከዋለ ማብላላት አያድነውም። በተለይ እንደ ቱናና ማኬሬል ያሉ ዓሦች ሲበላሹ ሂስታሚን የሚባል መርዛማ ነገር ያወጣሉ። ሂስታሚንን ደግሞ አሲድም እሳትም አያጠፋውም። የመጀመሪያ በርሜሌን ያበላሸሁት በዚህ ነው። ጠዋት የተጸዳውን ዓሣ እስከ ማታ ጥላ ሥር አቆይቼ፣ «ሞላሰሱ ያስተካክለዋል» ብዬ ጨመርኩት። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሁሉንም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ዛሬ በአራት ሰዓት ውስጥ የማልሠራውን ዓሣ በረዶ ላይ አደርጋለሁ፤ ያ ካልተቻለ አልቀበልም።

አሁን መቀቀል። ጥሬውን ማብላላት ይቻላል፤ እንዲያውም የሆድ ዕቃው ኤንዛይም ሥጋውን አሟሙቶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ለጀማሪ ግን መቀቀልን እመክራለሁ። አንደኛ፣ ጥገኛ ተውሳክና ብዙ ጎጂ ባክቴሪያ ይሞታል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ዓሦች፣ እንደ ካርፕና ሄሪንግ ያሉት፣ ጥሬያቸውን ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኤንዛይም አላቸው። እሱን የሚገድለው እሳት ነው። ሦስተኛ፣ አጥንቱ ስለሚለሰልስ መፍጨቱ ይቀላል። ድስቱ ውስጥ ሁለት ሊትር ውኃ ብቻ አድርጉ፣ ክደኑት፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ ይቆይ። መረቁን አትድፉት፤ አብሮ ይገባል።

ቀጥሎ ያለውን በጥሞና አንብቡ። መቀቀል ሁሉንም አይገድልም። የቦቱሊዝም መርዝ (አካልን አዝሎ የሚገድል መርዝ) የሚያወጣው ባክቴሪያ ዘር የፈላ ውኃን ይቋቋማል። የተቀቀለ ዓሣ ተከድኖ ቢያድር፣ ተፎካካሪዎቹ ስለሞቱለት ይሄ ባክቴሪያ ሜዳውን ብቻውን ያገኘዋል። ስለዚህ ቀቅላችሁ አታሳድሩ። የዚያኑ ዕለት ሥራውን ጨርሱ።

ዓሣው ለብ እስኪል አብርዱት። በንጹሕ ጓንት እጃችሁን ስታስገቡ ሳይፋጅ ሞቅ የሚል ከሆነ ደርሷል፤ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እርሾ በትኩሱ ከገባ ይሞታል። ከዚያ ፍጩት። ቁራጩ ሲያንስ ስኳሩና አሲዱ እስከ መሃሉ ይደርሳሉ። ትልቅ የዓሣ ጭንቅላት ሳይፈጭ ከቀረ፣ ከላይ ያለው ጎምዝዞ ውስጡ ሊከረፋ ይችላል። ሞላሰሱን ጨምሩ፣ አማስሉ። እርሾውን ጨምሩ፣ ደግሞ አማስሉ። ነጣ ያለ፣ ሞላሰስ ያልነካው ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ቢያንስ 10 ደቂቃ አማስሉ። እጅ ይደክማል፤ ግን ከዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አትስረቁ።

ሞላሰስ ካጣችሁ ስኳር ወይም በጣም የበሰለ ጣፋጭ ፍራፍሬ ተፈጭቶ ይተካል። ፍራፍሬ ከሆነ ግን ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ያስፈልጋል። ፉርሽካ ብቻውን አይተካም። ስታርች አለው እንጂ ባክቴሪያው ወዲያው የሚያነሳው ስኳር የለውም።

በርሜሉን ክደኑ፣ ግን አታጥብቁ። ጋዝ ይወጣል፤ የታሸገ በርሜል ይነፋል፣ ክዳኑም ሊፈናጠር ይችላል። ዝንብ እንዳይገባ ከክዳኑ ሥር ጨርቅ አስሩበት። ጥላ ያለበት፣ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ያለው ቦታ ይቀመጥ። ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ አሲዱ ይዘገያል። በርሜሉን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት።

ሦስቱ ቀናት

በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ታች ድረስ አማስሉ። በመጀመሪያው ቀን ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ እሱ ያለ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ይያያዛል። ሽታው እየጣፈጠ፣ ከሥሩ ጎምዘዝ እያለ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ አፍንጫ የሚይዘው ኮምጣጣው ነው።

አፍንጫ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ግን ይበልጣል። በየቀኑ ለኩ። ሞላሰሱ ወረቀቱን ስለሚያቀልመው ማንበብ ያስቸግራል። አንድ ማንኪያ ድብልቅ ከአንድ ማንኪያ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውኃ ጋር ቀላቅሉና ወረቀቱን ንከሩ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ከጀርባው አንብቡ። ድብልቁ አሲዱን አጥብቆ ስለሚይዝ ያቺ ትንሽ ውኃ ቁጥሩን ብዙም አትለውጠውም። ከላይም ከታችም ለኩ።

በ72 ሰዓት ውስጥ ፒኤቹ ከ4.5 በታች መውረድ አለበት። ከ4.6 በላይ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ማደግ ስለሚችል ይሄ ቁጥር ድርድር የለውም። የምንፈልገው 4.2 ወይም ከዚያ በታች ነው። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ገና 5 ላይ ከሆነ፣ ሽታውም ጤነኛ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ሞላሰስና ግማሽ ኪሎ እርሾ ጨምራችሁ በደንብ አማስሉ። በሦስተኛው ቀን ካልወረደ ግን በቃ፤ ወደ እንስሳ አይሂድ። የአሞኒያ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለውም፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ይቀበር። ከውኃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ፣ ውሻ የማይደርስበት ጥልቀት ላይ።

ፒኤቹ ከወረደ በኋላ እስከ 10ኛው ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለኩ። ከላይ ዘይት ከሰፈፈ በጭልፋ ግፈፉት። የዓሣ ዘይት ቶሎ ይበላሻል፣ እንቁላልና ሥጋ ላይ የዓሣ ጣዕም የሚያመጣውም በብዛት እሱ ነው። ፒኤቹ ካልተነሳ ሳይሌጁ (እንዲህ የተብላላው መኖ) ወራት ይቆያል። ሆኖም ሲቆይ የፕሮቲኑ ጥራት ስለሚቀንስ በሁለት ወር ውስጥ ብትጨርሱት ይሻላል።

ማድረቅ

እርጥቡን በቀጥታ ከመኖ ጋር ማደባለቅ ይቻላል፤ የዕለቱን ብቻ። ለማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ግን አንድ እጅ ሳይሌጅ ከሁለት እጅ ፉርሽካ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በንጹሕ ሸራ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ፣ በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑ፣ ማታ አስገቡ። መድረቁን ለማወቅ 100 ግራም መዝናችሁ ለብቻው ተጨማሪ አንድ ቀን አስጡት። ከ2 ወይም ከ3 ግራም በላይ ከቀነሰ ሌላውም ገና ነው። በደንብ ያልደረቀ መኖ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል። የደረቀውን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ፣ በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱ።

የዕፅዋቱ በርሜል

ይሄኛው ገር ነው። በመጽሐፍ አማርኛ ገፈራ ይባላል። የአትክልት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ ሁሉ ይሆናል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉት። የማይገባውን ግን ለዩ። የአቮካዶ ልጣጭና ቅጠል ለወፍም ለፍየልም መርዝ ነው። ሽንኩርት በብዛት የከብትን ደም ይጎዳል። የአረንጓዴ ድንችና የድንች ቅጠልም አይገባም። የሻገተ ነገር፣ በቅርቡ ፀረ ተባይ የተረጨበት ነገር በጭራሽ።

እርጥበቱ ነው ዋናው። አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አጥብቃችሁ ጨምቁ። ውኃ በጣቶቻችሁ መካከል ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ ግማሽ ቀን አጠውልጉት ወይም ደረቅ ጭድ ቀላቅሉበት። እጃችሁን ስትከፍቱ ፍርፍር ካለ አንሷል፣ ውኃ አርከፍክፉበት። እጅ ሲከፈት ኳሱ ቅርጹን ይዞ ቀስ ብሎ ከተላቀቀና መዳፋችሁ ረጠብ ካለ፣ እሱ ነው።

በ100 ኪሎ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞላሰስ በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ አዳርሱ። አብዛኛው ጣፋጭ ፍራፍሬ ከሆነ ሞላሰሱ ይቅር። በ10 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እያደረጋችሁ ርገጡት። እዚህ ጠላታችን አየር ነው። እንደ ዓሣው አይማሰልም፣ እየተከፈተም አይታይም። እስከ አፉ ሙሉት፣ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ከላይ ድንጋይ ጫኑ፣ ዙሪያውን እሰሩ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት አትንኩት።

ስትከፍቱት ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለምና ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ይኖረዋል። የበሰበሰ ቅቤ የሚሸት ከሆነ ሲገባ ውኃ በዝቶበት ነበር። እጅ ስታስገቡ የሚሞቅ ከሆነ አየር አግኝቶታል። ከላይ ጥቂት ሻጋታ ካለ በዙሪያው ካለው ጋር ሰፋ አድርጋችሁ ጣሉ። ከከፈታችሁ በኋላ በየቀኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እያነሳችሁ ስጡ፣ መልሳችሁ ሸፍኑ።

አመጋገብ

ከዓሣው በርሜል ወደ 3 ኪሎ እርጥብ ሳይሌጅ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ነው፤ ስትቀቅሉ ውኃ ከበዛ እስከ 4 ኪሎ ሊፈልግ ይችላል። ሁሌ በደረቁ አስሉ። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ከዕለት መኖዋ 5 ከመቶ አይለፍ። ለሥጋ ዶሮና ለአሳማ 10 ከመቶ ይበቃል። በ2 ከመቶ ጀምሩና በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ለጫጩት አትስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ፒኤቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩ። መጀመሪያ ለሁለትና ሦስት ዶሮ ብቻ ሰጥታችሁ ሁለት ቀን ተመልከቱ። ክንፏና አንገቷ የሚዝል፣ እግሯ የሚከዳት ዶሮ ካያችሁ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ፤ የቦቱሊዝም ምልክት ሊሆን ይችላል።

እንቁላሉን ቀቅላችሁ ራሳችሁ ቅመሱ። ዓሣ ዓሣ ካለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ዶሮን ከመታረዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አሳማን ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀድማችሁ ከዓሣ መኖ አውጡ።

ጥሩ የወጣላችሁ በርሜል ባዶ ሳይሆን በፊት አንድ ሊትር ፈሳሽ ቀድታችሁ በንጹሕ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ። ለቀጣዩ 20 ኪሎ እርሾ እሱ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ የእናንተን ዓሣና የእናንተን ሞላሰስ ስለለመዱ ከጎመኑ ይልቅ ይፈጥናሉ። ጠርሙሱ ላይ የበርሜሉን ቀንና የመጨረሻውን ፒኤች ጻፉበት።